የተደፈነው ጭኮ

በዚያ ዓመት ሁዳዴን የገደፍኩት በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ነው። እርቦኝ አልነበረም። ከአንድ ሰዓት በፊት ሽሮ በልቼ ጠግቤ ተነሥቻለሁ፤ አጥቤ የደፋሁት ሳህን እንኳ ገና አልደረቀም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ጎባ፣ እናቴ ቤት ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ያጠናሁት የዕፅዋት ሳይንስ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ ሮቤ እወርዳለሁ፤ በየመሥሪያ ቤቱ በር የተለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ አነባለሁ፤ ከተሰበሰበው ሰው ጋር ዐይን ለዐይን ሳልገጣጠም እመለሳለሁ። የቀሩትን አምስት ቀናት ቤት ነኝ። ሰው እፈራለሁ። አብሮ አደጎቼ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲሣቁ ብሰማም ወጥቼ መቀላቀል አልችልበትም። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከሳነቴ አምባ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው፣ መብራት ሲጠፋና ቤቱ ዝም ሲል፣ እግሬ ራሱ ወደ ጓዳ ይሄዳል። ቆሎ፣ የዳቦ ጠርዝ፣ አንዳንዴም ደረቅ በሶ በማንኪያ። ጣዕሙን ልብ አልለውም። እጄ ሥራ ሲፈታ አፌ ሥራ ይፈልጋል፤ ሌላ ማብራሪያ አላገኘሁለትም።

ያን ማክሰኞ ጓዳ ውስጥ አዲስ ነገር ነበር፤ ክዳን ያለው ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ፣ እስከ አፉ ጭኮ የሞላበት። የላኩት የወንድሜ ሚስት እናት ናቸው፤ ከሪራ፣ ከሐረና ደን ውስጥ። ገብሱን ራሳቸው ቆልተው አስፈጭተው፣ በገዛ ላሞቻቸው ንጥር ቅቤ አሽተው፣ ፊቱን ደልድለው፣ በአራት ጣቶቻቸው መስመር አስምረውበታል። መስመሩ ያምራል፤ ያልተነካ መሆኑንም ይናገራል።

አብራን የምትኖረው የወንድሜ ሚስት የኦሮሞ ልጅ ናት፤ እስላም ቤት አድጋ፣ ወንድሜን ስታገባ ክርስትና ተነሣች። አባቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟን አልጠሩም። ሴት ልጅ ስትወልድ ግን አንጀታቸው ራራና "የልጄን ልጅ ላያት እመጣለሁ" ብለው ላኩ። በክርስቲያን ቤት ሥጋ እንደማይበሉ እናውቃለን። ስለዚህ ሚስታቸው ጭኮውን አስቀድመው ሰደዱ፤ በእኛ ቤት አፋቸው የሚያደርጉት እሱን ብቻ ነው። ለአራሷ የሚሆን ሌላ ትንሽ ዕቃ አብሮ መጥቶላታል። ባልዲው የእንግዳው ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ከዳር አንድ ማንኪያ አነሣሁ። በማግስቱም በዚያው ሰዓት። በአራተኛው ቀን የላዩን ቅርፊት በቢላ እንደ ክዳን ቆርጬ አንሥቼ ከሥሩ መብላት ጀመርኩ፤ ስጨርስ መልሼ እከድነዋለሁ፤ ስንጥቁን በበሶና በቅቤ እመርገዋለሁ። ጎባ ብርድ ነው፤ ቅቤው ሲረጋ እንደ ምርጊት ይጠነክራል። በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ውስጡ ቀፎ ሆኖ ነበር። የጠፋውን መስመር በራሴ አራት ጣቶች አሰመርኩት። ጣቶቼ ከእሳቸው ጣቶች ይቀጥናሉ፤ ግን ማን ይለካዋል?

ደግሞም ማንም እኔን አይጠረጥርም። እናቴ ትጾማለች፤ ወንድሜ ይጾማል፤ ከእኛ ጋር የሚኖሩት የአባቴ አክስት፣ እማማ የምንላቸው፣ ዐይናቸው ከጠፋ ወዲህ ጾማቸውን አጠበቁት እንጂ አላላሉትም። እኔን ሰፈሩ ሁሉ "ያቺ ጾመኛ" ነው የሚለኝ። በዚያ ወር በዚያ ቤት ቅቤ የሚገባበት አፍ አንድ ብቻ ነበር፤ የአራሷ። ይህን ለራሴ ስነግር ቀለል ይለኝ ነበር። ምን እየተናገርኩ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

አባቷ ቅዳሜ መጡ፤ ሮቤ ከሚኖሩ አንድ ዘመዳቸው ጋር። ጋቢያቸውን ጉሙ አርሶታል። ረዥም ዱላቸውን በሩ አጠገብ አስደገፉ።

"አካም ጂርቱ?" አሉ።

"ፈያ፣ ፈያ፤ ይግቡ፣ ይግቡ" አለች እናቴ።

ሕፃኗን ታቀፏት። ረዥም ጊዜ አዩዋትና "አፍንጫዋ የኔ ነው" አሉ።

"ታዲያ የማን ሊሆን ኖሯል?" አለች እናቴ።

"የናንተማ ረዥም ነው፤ በር ላይ ይይዛል። ይቺ ተርፋለች።"

ሁላችንም ሣቅን። የወንድሜ ሚስት በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ስትሥቅ አይቻት አላውቅም። እያሣቋት ያሉት አባቷ ናቸው፤ ጥርሷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

ባልዲው ቀረበ። "ቢስሚላሂ" ብለው ማንኪያውን ተከሉት። ቅርፊቱ ስምጥ አለና ማንኪያው እስከ እጀታው ገባ። ሽማግሌው እጃቸውን አላነሡም። ቀስ ብለው ማንኪያውን ሲያወጡት የተሰበረው ቅርፊት ተከትሎ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ የባልዲው ቂጥ ታየ።

"ሚስቴ ባዶ ባልዲ አልላከችም" አሉ በቀስታ። ወደ ዘመዳቸው ዞረው ቀጠሉ፤ "በልተው ጨረሱት፣ ምንም አይደለም፤ ምግብ ነው፤ ይበላል። ደፍኖ ማቅረብ ግን ምን ይባላል?"

ወንድሜ ሚስቱን አየ። "ለዘመዶችሽ አከፋፈልሽው ወይስ ብቻሽን ነው?"

"ሂን ኛኔ" አለች። ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋታል። "አልበላሁም! አልነካሁትም!"

"በዚህ ቤት ሌላ ቅቤ የሚበላ ማን አለ? እናቴ? እማማ? ይቺ?" በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። "ይቺ ውኃ ስትጠጣ እንኳ የምታማትብ!"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣ ነገር የለም። በሕይወቴ ሁሉ እንዲህ ነኝ፤ ቃሉ ከጉሮሮዬ ሳይወጣ ጊዜው ያልፋል።

የመጀመሪያው ጥፊ ነበር። ሁለተኛው ቡጢ ነው። ገና ወገቧ ያልጠና አራስ፣ ከቁም ሣጥኑ ጠርዝ ጋር ተላትማ ወደቀች፤ ከንፈሯ ለሁለት ተሰነጠቀ። ደሙ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። አባቷ ሕፃኗን ለእናቴ ወረወሯት በሚባል ፍጥነት ሰጥተው ዱላቸውን አነሡ፤ ወንድሜን ትከሻው ላይ አሳረፉበት። ወንድሜ በጋቢያቸው አንገት ያዛቸው። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ባልዲው እየተንከባለለ እግሬ ሥር መጥቶ ቆመ። ሕፃኗ ትጮኻለች፤ እናቴ "ኧረ በሕግ አምላክ! ኧረ በማርያም!" ትላለች። ዘመድየው መሐል ገብተው ሲለያዩዋቸው የሽማግሌው ጋቢ ተቀዷል፤ የወንድሜ ጆሮ ይደማል። እኔ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ እጆቼን ከኋላዬ ደብቄ ቆሜአለሁ።

"ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ፤ ነይ ልጄ፣ እንሂድ" አሏት አባቷ።

"አልሄድም" አለች። ደሙን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "ሌባ ተብዬ ከዚህ በር አልወጣም።"

ሽማግሌው የተቀደደ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ማክሰኞ ሁለት ሰው ይዤ እመለሳለሁ" አሉ። "ልጄ ከበላች እፊቴ ሌባ ትባላለች። ካልበላች ይዣት እሄዳለሁ።"

ስለዚህ ሦስት ቀን ነበረኝ።

እሑድ ወንድሜ እንድታምን ፈለገ። "እመኚና ይለቅ" ይላታል፤ "በላሁ ማለት ምን ይከብዳል?" እሷ መልሳ መላልሳ ያንኑ ትላለች። ፀጉሯን ይዞ ራሷን ከበሩ መቃን ጋር ሲያጋጨው ድምፁን ሰማሁ፤ ዱቄት የያዘ ጆንያ መሬት ላይ ሲጥሉት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። እናቴ መሐል ገብታ ክንዷ በለዘ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ጓዳ ነበርኩ። እጄ የቆሎ ጣሳ ውስጥ ነበር። ሌላ ነገር እንዳልል አፌን የያዝኩት በቆሎ ነው፤ በደንብ አስታውሳለሁ፤ እያኘክሁ ቆጠርኩ፤ መቃኑ ሦስት ጊዜ ጮኸ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የአባቴ አክስት ጠሩኝ። ከኋላ ያለችው ክፍል የእሳቸው ናት፤ ከጓዳው የሚለያት የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

"ነይ እዚህ ተቀመጪ" አሉኝ። "መቼም ሥራ የለሽም።"

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"እዚህ ኮረብታ ላይ መጀመሪያ የሰፈረው ጦር ምን ይበላ እንደነበር ታውቂያለሽ?"

"እህል ነዋ፣ እማማ።"

"የማን እህል?"

በቤታችን አያቶቻችን ከሸዋ ከጦሩ ጋር መጥተው አገር አቀኑ ይባላል፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

"አያቴ በበቅሎ ስትመጣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር" አሉ። "ባሏ ከዓመት በፊት ከጦሩ ጋር ገብቷል። ከሮቤ ሜዳ እስከዚህ ጎጆው ሁሉ ተቃጥሏል፤ ከብቱ ተነድቷል፤ በጦር ጠመንጃ ሊመክት የቆመው ሰው የወደቀበት ቀርቷል። የበቅሎዋ ኮቴ አጥንት እየረገጠ ነው የመጣችው። ድምፁን እስክትሞት አልረሳችውም፤ 'ደረቅ እንጨት መስሎኝ' ትል ነበር። እዚህ በጥድ አጥር የታጠረ ሰፈር ጠበቃት። ለያንዳንዱ ወታደር ገባር ተመርቶለታል። ገባሩ ያርሳል፤ እንጨት ይሰብራል፤ የገባሩ ሚስት ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች። እምቢ ያለ ጅራፍ አለለት።"

"አያትዎስ?"

"አያቴማ መፍጨት ታውቅ ነበር፤ መፍተል ታውቅ ነበር። ሥራዋን ሁሉ በጅራፍ ለሌላ ሰው ሰጡባት። ከአጥሩ እንዳትወጣ፣ ምንጭ የወረደች አንዲት የወታደር ሚስት በጦር ተወግታ ቀርታለች። ታዲያ ምን ታድርግ? ባሏ ዘመቻ ነው። ቋንቋውን ገና አልለመደችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተኩስ ስትሰማ ትውላለች። ስትሰማ ትበላለች።"

እማማ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ዐይናቸው ባያይም እኔ አቀረቀርኩ።

የአያታቸው ባል ከፋሲካ በኋላ እንደገና ወደ ሐረና ሊዘምት ነው፤ ያልገበሩት ሰዎች ደን ውስጥ ገብተዋል። ለስንቅ ሦስት ቅል ጭኮ እንዲያመጣ ገባሩን አዘዘው። ሰውየው ከቤቱ የነበረችውን ቅቤ አሟጦ፣ ሚስቱ ገብሱን ፈጭታ፣ በሁዳዴ መካከል ሞልቶ አመጣ። ቅሎቹ ቆጥ ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ በየቀኑ አወረደቻቸው። ፋሲካ ሲደርስ ሁለቱ ባዶ ነበሩ። በገለባ ሞላቻቸውና አፋቸውን በጭኮ መረገችው።

"በሁዳዴ?" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"በሁዳዴ። ባሏ ቅሎቹን ጭኖ ወረደ። ደን ውስጥ ተከበቡ። በአምስተኛው ቀን ቅሉን ሲሰብሩት ገለባ። ከጓዶቹ ሁለቱ ርቧቸው ማር ፍለጋ ከምሽጉ ወጡ፤ በጦር ተወግተው ሞቱ። እሱ ተርፎ ሲመለስ ገና ከበቅሎ ሳይወርድ ገባሩን አስጠራ። እዚያ ታች የኮሶ ዛፍ ነበረ፤ አሁን የለም። እዚያ አሰረው። ሰውየው 'ሂን ኛኔ፤ ሙሉ አድርጌ አመጣሁ' ይላል። ባሏ ምን አለ መሰለሽ? 'እኔ ቤት ሁዳዴ ነበር። እኔ ቤት ቅቤ የሚበላ ሰው አልነበረም።'"

ወንድሜ ቅዳሜ የተናገረው ይህንኑ ነው፤ እንደ ወረሰው ንብረት።

"ሁለት ሰው እየተፈራረቀ ገረፈው" አሉ እማማ። "መጀመሪያ ልብሱ ተቀደደ፤ ከዚያ ቆዳው፤ ከዚያ ነጭ ነገር ታየ። አያቴ በር ላይ ቆማ ታያለች። የሰውየው ሚስት ወፍጮው ላይ ናት፤ ማቆም አልተፈቀደላትም፤ ባሏ ሲገረፍ ትፈጫለች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አያቴን አየቻት። ሴትየዋ ቅሉ ሲወርድ በየቀኑ ታይ ነበራ። ብትናገር ማን ይሰማታል? አያቴ ብትናገር ግን ይሰሟት ነበር። አልተናገረችም። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሞተ።"

"ሚስቱስ?"

"በማግስቱ መጥታ ፈጨች። ወዴት ትሂድ? ስንት ዓመት እዚያው ፈጨች። አንድም ቀን ምንም አላለቻትም። አያቴ የወፍጮውን ድምፅ እየሰማች ልጆቿን ወለደች፤ አባቴንም።"

"ማን ነገረዎት?"

"ራሷ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ እሷ አሁን እኔን ታክል ነበር። ስኳር ሰርቄ ስቅም ያዘችኝ።" ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ጠፋ። "ለነፍስ አባቷ ተናዝዛለች፤ ሰባት ዓመት ቅቤ እንዳትቀምስ አዘዟት፤ አልቀመሰችም። ሟቹ ግን አልተነሣም። ለሚስቱ ደግሞ 'እኔ ነኝ' አላለቻትም።"

ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙ። የጣቶቼን ጫፎች ዳበሱ።

"የባልዲው ክዳን አሥር ሰዓት ላይ ጠቅ ይል ነበር" አሉ። "የታወረው ዐይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።"

"ለምን አልተናገሩም?" አልኳቸው። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። "ቅዳሜ ሲመታት! ትናንት ሲያጋጫት!"

"እኔም የዚህ ቤት ልጅ ነኛ" አሉ። "ፈራሁ። ጠዋት ትናገራለች፣ ማታ ትናገራለች እያልኩ ጠበቅሁሽ። ነገ ካልተናገርሽ እኔ እናገራለሁ፤ ግን ያን ጊዜ አንቺ አያቴን ነው የምትሆኚው።"

ማክሰኞ ጠዋት ሽማግሌው ከሁለት ሰዎች ጋር መጡ። አግዳሚ ወንበር ግቢ ወጣ። ወንድሜ አንድ ጎረቤታችንን አስቀመጠ፤ ለወገኑ መሆኑ ነው። የወንድሜ ሚስት ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች፤ ከንፈሯ አብጦ፣ ግንባሯ ላይ ሰማያዊ እብጠት አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠየቋት፤ መለሰች፤ ያው ነው መልሷ።

"እንግዲያው ትማል" አለ ወንድሜ። "እውነት ከሆነ ልጅቷን አቅፋ ትማል። 'በልቼ ከሆነ ልጄን ይንሳኝ' ትበል።"

ጎረቤታችን እንኳ "ኧረ ተው፣ አራስ ናት!" አሉ። በእኛ አገር እውነት የያዘ ሰው ቢሆንም በልጁ ራስ መማል ይፈራል፤ መሐላው ራሱ ይከተላል ይባላል። እሷ ግን የሕፃኗን ራስ ገለጠች። መዳፏን አናቷ ላይ አኖረች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል፤ በሕይወቴ ትልቁን ነገር ስናገር ማንም አልሰማኝም።

"ልጄን—" ብላ ጀመረች።

"እኔ ነኝ የበላሁት!" ይህ ጩኸት ነበር። ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች።

"ምን አለች?" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

እናቴ ተነሣች። "አትስሟት! ለሷ አዝና ነው። ሆዷ ባብቶ ነው። አንቺ፣ በጾም ምላስሽ በራስሽ ላይ አትዋሺ!"

"ይቺ ልጅ ዓሣ እንኳ አትበላም" አሉ ጎረቤታችን።

አላመኑኝም። ስንት ዓመት ያካበትኩት መልካም ስም በመካከላችን እንደ ግድግዳ ቆመ። ወደ ጓዳ ሮጬ ባልዲውን አመጣሁ። እናቴ ቅርፊቱን ጠራርጋ ውስጡ ጥላው ነበር፤ መስመር ያለበት አንድ ትልቅ ቁራጭ ቀርቷል። አባትየው ፊት ተንበርክኬ አራት ጣቶቼን መስመሩ ውስጥ አስገባሁ። ልክክ አሉ።

ሽማግሌው ጣቶቼን አዩ። ቁራጩን አንሥተው ወደ ልጃቸው ዘረጉት፤ እሷም ጣቶቿን አስጠጋች፤ የእሷ እጅ የእናቷ እጅ ነው፣ ሰፊ፤ አልገባም።

"በየቀኑ፣ አሥር ሰዓት ላይ" አልኩ። "እርቦኝ አይደለም። ዝም ብዬ ነው።"

የወንድሜን እጅ ሲመጣ አላየሁትም። ጆሮዬ ውስጥ ነጭ ነገር ፈነዳ፤ ጉንጬ አግዳሚው ላይ አረፈ፤ አፌ ውስጥ ጥርስ ተንቀሳቀሰ። እግሩን ሲያነሣ የሽማግሌው ዱላ ደረቱ ላይ ተጋደመ። አልመቱትም። እንደ በር መቀርቀሪያ ያዙት ብቻ።

"ይህ እጅ ሌላ ሥራ የለውም እንዴ?" አሉት። "የኔንም ልጅ ይመታል፣ የራሱንም እህት ይመታል።"

ወንድሜ ቆመ። ወደ ሚስቱ ዞሮ አንድ ነገር ሊል ከንፈሩን አላወሰ፤ እሷ ቀደመችው።

"እሷስ በላች" አለች። "ጭኮ ነው። አንተ ግን ማን እንደበላ ሳታውቅ መታኸኝ። ሦስት ቀን።"

ከሰዓት በኋላ ወደ ሪራ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ከአባቷ ጋር ተሳፈረች። የሕፃኗን ልብስ ጠቅልዬ እስከ መንገዱ ተሸክሜ ተከተልኳት። ጥቅሉን ከእጄ ተቀበለች። አላየችኝም፤ ያበጠ ጉንጬን እንኳ አላየችም።

ከዚያ በኋላ ጾም የሚያድነኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ሳምንት ከውኃ በቀር ሳልቀምስ እስከ ማታ ዋልኩ፤ በስምንተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ራሴን ጓዳ ቆሜ፣ እጄ ዳቦ ውስጥ አገኘሁት። ያን ጊዜ እማማ ስለ ሰባቱ ዓመት ያሉት ገባኝ። ዳቦውን እንደያዝኩ ወደ ክፍላቸው ገባሁ።

"እማማ፣ አሁን ዳቦ በላሁ።"

"እርቦሽ ነው?"

"አይደለም።"

"እሺ። ሰማሁ።"

ሌላ ምንም አላሉም። ሕጌ ይኸው ሆነ፤ ብቻዬን የበላሁትን ሁሉ ለአንድ ሰው ጮክ ብዬ እናገራለሁ። እንደኔ ላለ ሰው ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም። መጀመሪያ ሰሞን በቀን ሦስት ጊዜ ክፍላቸው እገባ ነበር። "ቆሎ፣ አንድ እፍኝ።" "ሰማሁ።" "ስኳር።" "ስኳሩን እንኳ ከኔ ነው የወረስሽው።" እየቆየ፣ ማንኪያው አፌ ሳይደርስ ያን ጉዞ አስበውና እተወዋለሁ። ከዚያ ከባዱ ክፍል ይመጣል፤ በጉሙ ውስጥ፣ ምንም ሳይዙ፣ ምንም ሳያኝኩ መቀመጥ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሰማኝ የመቃኑ ድምፅ ነው። ለካ እስከ ዛሬ የማኝከው እንዲህ ያለውን ላለመስማት ኖሯል። አንዳንድ ቀን አልችለውም፤ ተነሥቼ በጉሙ ውስጥ ወደ ሮቤ መንገድ እግሬ እስኪዝል እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን እበላለሁ፤ ሄጄም እናገራለሁ።

በሰኔ አንድ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሪራ ኔትወርክ የሚገኘው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ጉብታ ላይ ነው፤ ነፋሱና የከብቱ ድምፅ አብሮ ይሰማል።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለችኝ የወንድሜ ሚስት።

"ምንም። ተቀምጫለሁ።"

"አሥር ሰዓት ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ሕፃኗ አጠገቧ የሆነ ነገር አጉረመረመች።

"ወንድምሽ መምጣት እፈልጋለሁ ብሎ ልኳል። አባቴ 'አንቺ ካልሽ' አለኝ። ገና ምንም አላልኩም" አለች። "መጀመሪያ አንቺ ነይ። ብቻሽን።"

"ምን ልሥራ?"

"ምንም አትሠሪም። ትቀመጪና የምነግርሽን ትሰሚያለሽ። ቅዳሜን፣ እሑድን፣ ሰኞን። ሦስቱንም ቀን አንድ ባንድ እነግርሻለሁ።"

"እሺ" አልኳት። ቃሉ ከጉሮሮዬ በሰዓቱ ወጣ።

በማግስቱ ማለዳ ሪራ የሚሄደውን መኪና ልጠብቅ ወጣሁ። እናቴ እስከ አጥሩ በር ተከትላኝ "ምን ልትልሽ ነው?" አለችኝ።

"ያደረግሁትን ነዋ፣ እማዬ" አልኳት።